ከሲባጎ የተሠራ አዳራሽ

ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ወሩ ነው። ልብሱን ለዘመድ አከፋፍያለሁ፤ የመሣሪያ ሣጥኑን ግን ትናንት ነው የከፈትኩት። ከመዶሻውና ከቱንቢው ሥር፣ ቋጠሮ ያለበት አንድ ጥቅል ሲባጎ አገኘሁ።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ መጨረሻ፣ እንደተጋባን፣ ነፋስ ስልክ ከቤት ይልቅ እርሻ የበዛበት ሰፈር ነበር። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር፤ የዚያን ጊዜው አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች አዳራሹን ሲያሰፋ እዚያ ተቀጠረ። እኔ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ከማየት በቀር የማውቀው አልነበረም።

"ዛሬ የት አደረሳችሁት?" እለዋለሁ ከሥራ ሲመለስ።

"ግድግዳው ወገቤ ጋ ደረሰ።"

ይህ ለእኔ መልስ አልነበረም። መንገደኛው በየት ገብቶ በየት ወደ አውሮፕላኑ ይወጣል? ሄጄ እንዳላይ ዘበኛው ሠራተኛ ያልሆነ አያስገባም። ጥያቄዬ ሲበዛበት፣ የሠሩትን ግድግዳ በሲባጎ እየለካ ያመጣልኝ ጀመር። አንድ ቋጠሮ መስኮት፣ ሁለት ቋጠሮ በር ነው። እኔም ከቤታችን ጀርባ ካለው ሣር ላይ ችካል ተክዬ በልኩ እዘረጋዋለሁ።

ሣሩ የጎረቤታችን የሽማግሌው ገበሬ ነበር። አላስፈቀድኳቸውም። አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ፤ በዱላቸው ችካሎቹን ይጠቁማሉ።

"መሬቴን ማን ነው የለካው? ቀያሽ መጥቶ ነበር?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"አንቺን ደግሞ ማን ቀያሽ አደረገሽ?"

በዚያ ዘመን የመንግሥት ቀያሽ ችካል የተከለበት መሬት ለባለቤቱ አይመለስም ነበር። እያፈርኩ ነገሩን አስረዳኋቸው። እሳቸውም ሲባጎውን ተሻግረው ገቡ።

"አባባ፣ በግድግዳው ገቡ እኮ!"

"ታዲያ በሩ የት ነው?" ወጥተው በሁለቱ ቋጠሮ ተመለሱ። "መንገደኛው የት ይቀመጣል?"

"በሬዎ የተኛበት ጋ።"

"ሊሳፈር ነዋ!" አሉ ሽማግሌው። አብረዋቸው የመጡት ሳቁ። እሳቸው ግን ወዲያው ኮስተር አሉ፦ "ዝናብ እስኪጥል ይቆይልሽ። ከዚያ አርሰዋለሁ። ልጆቼ አዳራሽ አይበሉም።"

ከዚያ ወዲህ እሳቸውም እየመጡ የት እንደደረሰ ይጠይቁኝ ጀመር። ሦስቱ ግድግዳ ተዘረጋ። በአውሮፕላኖቹ በኩል ያለው አራተኛው ሲቀር ሲሚንቶ ጠፋና ሥራው ለሳምንታት ቆመ። እኔ ሰማዩን አያለሁ፤ ዞር እልና ክፍቱን ጎን አያለሁ። ዝናቡ ቀደመ።

ሽማግሌው ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቅለው፣ አስረው አመጡልኝ። "ያቺ ግድግዳ ሳትታይ ቀረች፣ አይደል?" አሉኝ፤ የከፋቸው ይመስሉ ነበር።

ባለቤቴ የመጨረሻውን ሲባጎ ያመጣው እርሻው ከተዘራ በኋላ ነው። "ለበጋ ይሁንሽ" ብሎ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠው። በበጋው ልጅ ወለድኩ፤ ተረሳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አውሮፕላኖቹ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወሩ፤ አዳራሹንም በዓይኔ ሳላየው ቀረሁ።

ትናንት ሲባጎውን ከአልጋዬ እግር አስሬ ዘረጋሁት። ቤቴ አልበቃውም፤ በበሩ ወጥቶ ግቢውን አቋረጠ። አንድ መስኮት፣ አንድ መስኮት፣ አንድ መስኮት። የግቢዬ መዝጊያ ጋ ስደርስ ጣቴ ሁለት ቋጠሮ ዳሰሰ። መንገደኛው ወደ አውሮፕላኑ የሚወጣው በዚህ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ስንት መስኮት እንዳለ አላውቅም ነበር። ጥቅሉ ገና በእጄ ነው። መዝጊያውን ከፈትኩና እየፈታሁ ወጣሁ።