ጣሳና እፍኝ

ቢሯችን አንዲት ክፍል ናት። ከበሩ በላይ በተሰቀለው ሰማያዊ ቆርቆሮ ላይ የማህበራችን ስም ተጽፏል፤ ስሙ ውስጥ «ሸማቾች» የሚል ቃል ስላለ የሚዛን ተፈሪ ሰው ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይመጣል። «ዘይት ገባ?» ይለኛል ገና ከደጅ። «ዘይትና ስኳር የሚያከፋፍለው ሸማቾች ሌላ ነው፤ እኛ የገዢውን መብት የምናስከብር ነን» እላለሁ። ከእግሬ እስከ ራሴ ያየኝና «እሺ፣ ስኳርስ?» ይለኛል። አንድ ሰሞን ደሜ ፈልቶ «ዘይት የለም» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍኩ። በማግስቱ ሰዉ መቼ እንደሚገባ ሊጠይቅ መጣ።

ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማህበሩ ውስጥ የገባሁት ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ልኩ የተዛባ ነገር ስለሚያናድደኝ ነው። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ የዘገየ ቤት ገብቼ ሻይ መጠጣት አልችልም። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ ከተማው ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት፤ ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ ዲጂታል ኪሎ አስመጥታ ሰጠችኝ። ልጅ የተሰጠኝ ያህል ደስ አለኝ። በፎጣ ጠቅልዬ ነበር የምይዛት።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሚስት አላገባሁም፤ ምግቤን ከሠላሳ ዓመት በላይ በኮንትራት ስበላ ነው የኖርኩት። በገበያው መሃል ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ፣ ቦሎቄ ግን ገዝቼ አላውቅም። የዚያ ሁሉ ጣጣ መነሻ ይህ መሰለኝ። እንደሱ ይሁን አይሁን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም።

የጣሳ ቅሬታ ስለበዛ አንድ ቅዳሜ ከሲስተር ጋር የእህል ተራ ወረድን። አሠራራችን ቀላል ነበር፦ የሻጩን ጣሳ እንቀበላለን፣ በራሱ እህል እንሞላለን፣ አፉን በእንጨት እናስተካክላለን፣ እንመዝናለን፣ እንጽፋለን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። በኮረሪማና በጎደሬ ሻጮች መሃል እየተሹለከለክን ከዋንዛው ዛፍ ሥር ወደምትቀመጠው ቦሎቄ ሻጭ ደረስን። ከሸኮ በኩል የምትመጣ፣ በእኔ ግምት ወደ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ከጆንያዋ ኋላ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ሴት ናት። ስታየኝ ፊቷ ፈካ።

«መምህር! ትልቋን ልጄን አስተምረሃል እኮ» አለችኝ።

«ጣሳሽን» አልኳት።

ሰጠችኝ። የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ ገብቷል፤ እዚያ ውስጥ የብርቱካን ግማሽ የሚያህል ጉብታ ቁጭ ብሏል። ሞልቼ አስተካከልኩና ኪሎዋ ላይ ደፋሁት። ጎደለ፤ ያውም በደንብ። ቁጥሩን ልጽፍ ስል ሴትየዋ እጇን ወደ ጆንያዋ ሰዳ ቦሎቄ ዘገነችና በኪሎዋ ላይ ልትጨምር ተንጠራራች። እጇን በእጄ ያዝኩት።

«እጅሽን አንሺ!»

«ገና አልጨረስኩም እኮ» አለች።

እጅ ከፍንጅ የያዝኳት መሰለኝ። ስንት ዓመት ፈተና ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ከተሰበሰበ በኋላ «ገና አልጨረስኩም» የሚል ተማሪ ጆሮዬን አሰልችቶታል። «ጨርሰሻል» አልኳትና ጻፍኩ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። በዙሪያው የነበሩት ገዢዎች ዝም አሉ። ዝምታውን የድጋፍ ዝምታ አድርጌ ወሰድኩት፣ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

በማግስቱ በገበያው በር ላይ ዝርዝር ለጠፍን። የሰው ስም መጻፍ ነውር ስለሆነ በቦታ ነበር የጻፍነው፤ ሦስተኛው መስመር «ከዋንዛው ሥር፣ ቦሎቄ፣ ጎዶሎ» ይላል። ስም ከመጻፍ የባሰ ነበር። ከዋንዛው ሥር የምትቀመጠው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ከሷ በፊት እናቷ ነበረች። ጎዶሎዎቹን ጣሳዎች ሰብስበን ቢሮ አስቀመጥን፣ ለሻጮቹም ቂጣቸው ቀጥ ያለ አዳዲስ ጣሳና ማስተካከያ እንጨት አደልን። ሲስተር እጄን ጨበጠችኝ። በሕይወቴ አንድ ነገር ልክ ያደረግሁ መሰለኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከዋንዛው ሥር ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቅዳሜ።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ልብሴን የምታጥብልኝ ሴትዮ ቢሮ መጣች። የመጣችው ጀሪካን ሳትይዝ ነው፤ የያዘችው ፌስታል ነው።

«ቅሬታ አለኝ» አለችና ተቀመጠች።

ደስ አለኝ፣ ቅጹን አወጣሁ። ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ የገዛችውን ዕቃ ጻፍኩ፦ ቦሎቄ።

«ቅሬታ የቀረበበትስ?»

«እናንተ።»

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። «እኛ ነጋዴ አይደለንም እኮ» አልኳት።

«አይደላችሁም። ግን ቦሎቄዬን የቀነሳችሁት እናንተ ናችሁ።»

ግራ ገባኝ። አዲሱ ጣሳ ከአሮጌው እንደሚበልጥ በጣቴ እየጠቆምኩ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሰሌዳ ቢኖር ኖሮ እሥልላት ነበር። እሷ ግን እስክጨርስ ጠብቃ፣ «ያቺን የዋንዛዋን ጣሳ ያምጡልኝ» አለች። ከጥግ አምጥቼ ሰጠኋት። ከፌስታሏ በዚያው ጠዋት ከሌላ ሻጭ በአዲሱ ጣሳ የተሰፈረላትን ቦሎቄ ወደ አሮጌው ገለበጠችው። ሞላና ተረፈ። የተረፈውን በእጇ ሰብስባ አሳየችኝ፤ አንድ እፍኝ ከትንሽ።

«ይኸውልዎ፣ እናንተ ልክ የምትሉት ይህ ነው» አለች። «እሷ ግን ጣሳውን ከሞላችልኝ በኋላ ሁለት እፍኝ ትመርቅልኝ ነበር። ክረምት ልብስ አልደርቅ ብሎ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ሦስት።»

ኪሎዋን ከፎጣዋ አወጣሁ። አሮጌውን ጣሳ መዘንኩ፣ የአጣቢዋን እፍኝ መዘንኩ፣ ደመርኩ። ሁለት እፍኝ ሲጨመር ከልኩ በላይ ነው። ሦስት ሲጨመር ብዙ ይበልጣል። ደግሜ መዘንኩ። ኪሎዋ እንደተበላሸች ብታሳየኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልተበላሸችም።

«ታዲያ ጣሳውን አስተካክላ ለምን አትሰፍርም?» አልኩ።

«መምህር፣ ጣሳው ከሞላ ለእኔ ከምን ትጨምራለች?»

«ገንዘብ ላለውስ፣ ለባንክ ቤቱ ሰውዬ ለምሳሌ፣ ስንት ትመርቃለች?»

«ለእሱማ ጥቂት ፍሬ በጣቷ ጫፍ ታስነካለታለች» ብላ ሳቀች።

«ይጎድልበታል ማለት ነው!»

«ይጎድልበታል።»

«ያውቃል?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንዳንዱ ያውቃል፣ አንዳንዱ አያውቅም። የሚያውቀው ዝም ይላል።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረችኝ። በገበያው ሥርዓት ሦስት ቅዳሜ ባዶ የዋለ ቦታ ለሌላ ይሰጣል። ነገ ሦስተኛው ነው። ያቺ ሴት እናቷ የተቀመጠችበትን ቦታ ልታጣ ነው፤ ያለ እሱ ቦታ ደግሞ ልጆቿ ከተማ ተከራይተው የሚማሩባት ክፍል አትኖርም። «‹ሌባ ተብዬ በዚያ በር አላልፍም› ብላለች» አለችኝ።

ሲስተርን አስጠራኋትና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ምንም አልደነቃትም።

«ምራቂውንማ አውቃለሁ፤ ለእኔም አንድ እፍኝ ትጨምራለች» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም!»

«ምራቂ መለኪያ ውስጥ አይገባማ። ስጦታ ነው። ለዚህ ሥራ በወሰድነው ስልጠና ላይ ስለ እጅ ምንም አላሉንም።»

የስልጠናውን መመሪያ አውጥተን አገላበጥነው። እውነቷን ነው። ስለ ጣሳ፣ ስለ ኪሎ፣ ስለ ማሸጊያ ይላል፤ ስለ እጅ አይልም። ለአንዱ እየቀነሱ ለሌላው መጨመር ማጭበርበር ነው አለች ሲስተር። ለድሃዋ ከልክ በላይ የምትሰጥን ሴት ሌባ ማለት ሐሰት ነው አልኩ እኔ። ቀጥሎ ቦታ ተቀያየርን፤ እኔ ለባንክ ቤቱ ሰውዬ ተከራካሪ ሆንኩ፣ እሷ ለቦሎቄ ሻጯ። በመጨረሻ ማን ምን ብሎ እንደጀመረ ጠፋን። አጣቢዋ ቦሎቄዋን ሰብስባ እስክትወጣ ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ መልስ ያለው ጥያቄ ብቻ ሳስተምር ኖሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ይህ ይምጣብኝ?

ከሰዓት አጣቢዋ በጠቆመችኝ በኩል፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መኪና በሚቆምበት፣ ሙዝ ዘርግታ አገኘኋት። ቦሎቄ አልነበራትም። ሰላም ስላት በአገጯ ብቻ መለሰችልኝ። በባጃጁ ውስጥ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ። እጅሽን መያዝ አልነበረብኝም» አልኳት።

አንድ የጭነት መኪና አልፎ ጭቃ ረጨን።

«ነገ ነይ። ዝርዝሩን እናስተካክለዋለን።»

«ምን ብለህ ትጽፋለህ?»

ጎዶሎ አይደለም ብዬ ልጻፍ? ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ነው ግን ትጨምራለች? ለማን? ስንት? እሷ መልሱን እንደማላገኘው ቀድማ ያወቀች መሰለኝ፤ ሙዞቿን ታስተካክል ጀመር።

«ጣሳዬ ጎዶሎ ነው፣ መምህር» አለች። «ሰው ሁሉ ያውቃል። እናቴም በእሱ ነው የሰፈረችው። ሰው ጣሳውን አያይም፣ እጄን ነው የሚያየው። አንተ እጄን ያዝክ።»

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። «ዝርዝሩን አነሳዋለሁ» አልኳት። እመጣለሁም አልመጣምም አላለችኝ።

በዚያው ቀን ሳይመሽ ወረቀቱን ከገበያው በር ነቀልኩት። ሁሉንም መስመር፤ የእሷን ብቻ ለይቼ ለማንሳት ምክንያቱን መጻፍ ነበረብኝ፣ ምክንያቱን ደግሞ አላወቅኩትም። ሲስተር ሰምታ ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ከዝርዝሩ ውስጥ በእርግጥ የሚያጭበረብር ሰው ይኖር ይሆናል፤ አሁንም ስለእሱ ሳስብ እናደዳለሁ፣ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

በማግስቱ መጣች። ከዋንዛው ሥር፣ ከጆንያዋ ኋላ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ከፊቷ ያለው ግን እኛ ያደልነው ቀጥ ያለ ጣሳና ማስተካከያው እንጨት ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ፌስታል ገዛሁና ተሰለፍኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦሎቄ ልገዛ ነው። የት አብስዬ እንደምበላው እንኳ አላሰብኩም።

ተራዬ ደረሰ። ጣሳውን ሞላች፣ እንጨቱን በአፉ ላይ ጎተተች፣ የተረፈውን ፍሬ ወደ ጆንያው መለሰች፣ ፌስታሌ ውስጥ ገለበጠችልኝ። ፌስታሉን ከፍቼ እንደያዝኩ ቆየሁ።

«ሞልቷል» አለች።

ገበያተኛው ሲል እየሰማሁ ያለፍኩት፣ ራሴ ግን ብዬው የማላውቅ ቃል ከአፌ ወጣ። «መርቂልኝ እንጂ።»

«ልክ ነው፣ መምህር። አልጎደለም» አለች። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ዘወር አልኩ፤ አልሄድኩም ግን። ከኋላዬ የነበረችው አጣቢዋ ነበረች፣ ፌስታሏን ዘረጋች። ሻጯ ሞላች፣ አስተካከለች፣ ገለበጠች። ከዚያ እጇ ወደ ጆንያው ሄዶ ቦሎቄ ዘገነ። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እጇ አየር ላይ ቆመ፣ ቆየ፣ ቀስ ብሎ ወደ ጆንያው ተመለሰና ተከፈተ።

አጣቢዋ ዞር ብላ አየችኝ። ሠላሳ ዓመት ሸሚዜን ያጠበች ሴት ናት፣ ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

«መምህር፣ እባክዎ ይሂዱልን» አለች።

ሄድኩ። ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቦሎቄዬን ኪሎዋ ላይ ደፋሁት። ልክ ነበር። አንድ ፍሬ አልጎደለም፣ አንድ ፍሬ አልተረፈም።