በውሃ ወፍጮው ፍርስራሽ በኩል

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ንጉሡ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ ካዛወሩ ወዲህ የሆነ ነገር ነው። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን እናታችን ዘንድ እንድትወልድ፣ በአልዩ አምባ በኩል ካለው ከባሏ ቤት ወደ አንኮበር ይዣት ስወጣ ቀኗ ደርሶ ነበር። በቅሎዋን የምስበው እኔ ነኝ፤ ከኋላ ቄሱ አጎታችን ይከተሉናል።

ዳገቱን ስናጋምስ የአንድ መኮንን አሽከሮች ገጠሙን። ጌታችን በሰፊው መንገድ ሊወርዱ ነውና ዞር በሉ አሉን። «እርጉዝ ናት!» ብል ማን ሰምቶኝ! በዱላ እየገፉ ወደ ወንዙ አወረዱን። ገደል ብትገባ ለነሱ ምናቸውም አልነበረም።

የወንዝ ዳሩ መንገድ የሚያልፈው በፈረሰው የውሃ ወፍጮ መሀል ነው። ድሮ አንድ ፈረንጅ ለቤተ መንግሥት ሠርቶት ነበር አሉ። ካህናቱ ውሃ እህል ሲፈጭ ቢያዩ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አስቆሙት። ከዚያ ወዲህ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰይጣኑን ለማባረር ድንጋይ ይወረውርበታል። የተወረወረው ድንጋይ ቦዩንም መንገዱንም ሞልቶታል። ሰይጣኑ ይሂድ አይሂድ አላውቅም፤ ድንጋዩ ግን የስንቱን ከብት እግር ሰብሯል።

በቅሎዋ ክምሩ ላይ ስትወጣ ድንጋዩ ከእግሯ ስር ተንሸራተተና በጉልበቷ ወደቀች። እህቴ ወደ ወንዙ ልትንከባለል ስትል በመቀነቷ ያዝኳት። ሆዷን አቅፋ ተቀመጠች። «ይንቀሳቀሳል» አለች። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

አጎታችን ግን ድንጋይ አንስተው ፍርስራሹ ላይ ወረወሩ፤ ለሷም አንድ አቀበሏት።

«ወርውሪ ልጄ፣ የጣለሽ እሱ ነው።»

እህቴ እስከዚያ ቀን ዋዜማ ድረስ ለባሏ ቤት ስትፈጭ የነበረች ሴት ናት፤ መዳፏ እንደ ቁርበት ደርቋል። ድንጋዩን አልተቀበለችም። ሣር የዋጠውን ትልቁን የወፍጮ ድንጋይ ዳበሰችው።

«ይሄ፣ ሰው ሳይገፋው ይፈጭ ነበር?»

«ሰይጣን እየገፋው!» አሉ አጎታችን።

«አባ፣ የምትፈጩት እናንተ ወንዶቹ ብትሆኑ ኖሮ ሰይጣን አትሉትም ነበር።»

እሳቸው ተቆጥተው ሲያማትቡ፣ እኔ በቅሎዋን አስነስቼ ከፊቷ ያለውን ድንጋይ እያነሳሁ ወንዝ ከተትኩ። ምጥ ሳይቀድመን መውጣት ነበረብን።

እናታችን ደጅ ስንደርስ ምጧ ጀመረ፤ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ያቺ ልጅ ዛሬ አድጋለች። እሷም እንደ እናቷ የእጅ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ትፈጫለች።