ቢሄቭ አድርጊ

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች እናት ልጇን «ቢሄቭ አድርጊ!» ስትላት ሰማሁ። ልጅቱ ያጠፋችው ነገር አልነበረም፤ በትንፋሿ በደበዘዘው መስኮት ላይ በጣቷ ቤት እየሳለች ነበር። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ጀርባዬን አቀናሁ፤ እጆቼን ጭኔ ላይ ሰበሰብኩ። ወዲያው እርጥብ ሲሚንቶና የፍየል መረቅ ሸተተኝ። ሐርጌሳ ነው የሸተተኝ።

አሥር ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። አባቴ የአንድ እርዳታ ድርጅት የውሃ መሐንዲስ ነበር፤ በእርስ በርስ ጦርነት የፈራረሰውን የከተማዋን የውሃ መስመር ከሚጠግኑት አንዱ። እናቴ ሥራዋን መተው ስላልቻለች አዲስ አበባ ቀረች፤ እኔ ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ለምን እንደዚያ እንደተወሰነ ያስረዳኝ ሰው የለም፤ ያኔ ልጅን ማን ያማክራል? ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ ሰፊ ግቢ ተከራየን። አባቴ ጠዋት መኪና ውስጥ ይገባና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ቢሄቭ አድርጊ» ይለኛል። ቃሉን ከቢሮ ነው ያመጣው። ለሾፌሩም፣ ለዘበኛውም፣ አልነሳም ላለው ጄኔሬተር ሳይቀር ይለዋል።

አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። ጢሙን እየተላጨ ነበር። «ጨዋ ሁኚ ማለት ነው» አለኝ። ጨዋ መሆንስ? ምላጩን አቁሞ አሰበበት። አትጩሂ፣ ያልተሰጠሽን አትንኪ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አታቋርጪ። «ሰው ቤት ደግሞ ብዪ ሲሉሽ ቶሎ እጅሽን አትስደጂ። በልቻለሁ በይ። አጥብቀው ከለመኑሽ ያኔ ትንሽ ትቀምሻለሽ።» ይኼ ለእኛ አገር ልጅ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁላችሁም በዚሁ ነው ያደጋችሁት። የእኔ አባት በእንግሊዝኛ አዘዘኝ እንጂ።

እውነቱን ለመናገር ቢሄቭ ለማድረግ ምንም አልተቸገርኩም። ማን ነበረና ልረብሸው? የቤት ሠራተኛችን ደግ፣ ግን ዝምተኛ ሴት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ እየነዳ ሲመጣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የአባቴን መኪና ድምፅ እጠብቃለሁ። ብቸኝነት የሚባለው እሱ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሆዴን ያመመኝ ይመስለኝና እናገራለሁ፤ ሠራተኛችን ዝንጅብል ታፈላልኛለች።

ከጎረቤት የሚያዋስነን የድንጋይ አጥር በከባድ መሣሪያ ተመትቶ መሃሉ ተንዶ ነበር። የዚያ ቤት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩበት የስደተኞች ካምፕ ተመልሰው፣ ጣሪያ ያልነበረውን ቤታቸውን እንደ አዲስ ይሠሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ነው። አንድ ቀን በክፍተቱ በኩል ብርቱካናማ ሻሽ ያሰረች እኩያዬ ብቅ አለች። «አንተ ስም ማነው?» አለችኝ፤ በአማርኛ! ካምፑ አጠገብ ከነበረ ገበያ የለቀመችው አማርኛ ነው፤ ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነው። ላርማት ብሞክር ይበልጥ ሳቀችብኝ። ተውኩትና «አንተ» እንደተባልኩ ኖርኩ።

ከዚያ ወዲያ የሆዴ ሕመም ተወኝ። በክፍተቱ እየተሻገርን በቆርቆሮ ቁርጥራጭ ዕቃ ዕቃ እንጫወታለን። እናቷን እንደ እሷው «ሆዮ» እላታለሁ፤ እማዬ ማለት ነው። እሷም እናቴ ሩቅ መሆኗን ስለሰማች ነው መሰለኝ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ጭንቅላቴን ትዳብሰኛለች።

ጣሪያው ያለቀ ዕለት ፍየል ታረደ፤ ጎረቤት ተጠራ። እኔም ተጠራሁ። ደስታዬን በምን ልንገራችሁ! ጥሩ ቀሚሴን ለበስኩ፤ ለሥጋው ሆዴ ውስጥ ቦታ ልተውለት ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። አባቴ የሻሼን ጫፍ አስተካከለልኝና ያችኑ ቃሉን ተናገረ።

ሴቶቹ አዲሱ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ከበው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ገና አልደረቀም። ሩዝና ሥጋ የተቆለለበት ሰፊ ትሪ መሃል ተቀመጠ፤ የሄሉና የቅርንፉዱ ሽታ ምራቄን አስዋጠኝ። ሆዮ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ብላ፣ ልጄ» አለች፤ የእሷም አማርኛ እንደ ልጇ «አንተ» ብቻ ነው። በልቻለሁ አልኩ። «ብላ!» ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩ፤ አንገቴን ደፍቼ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። እኛ ዘንድ ሦስተኛው ላይ ነው «በሞቴ» የሚመጣው፣ ጉርሻውም የሚከተለው። ሆዮ ግን ለአፍታ አየችኝና ለሴቶቹ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለቻቸው። ሁሉም ገባን በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መብላት ጀመሩ። ለእኔ ሻይ በወተትና ሙዝ መጣልኝ። ሙዜን እያላመጥኩ የጓደኛዬን በቅባት የወዙ ጣቶች አያለሁ። እንባዬ ሲመጣ መለስኩት፤ ማልቀስ ቢሄቭ ማድረግ አይደለማ።

ዛሬ እኔ ቤት እንግዳ ከመጣ እስኪሰለቸው ነው የምለምነው። ባለቤቴ በእኔ ያፍራል።

ከዚያ ቀን በኋላ ምግብ ሲደርስ ጓደኛዬ ብቻዋን ትጠራ ጀመር። እኔ ወደ ግቢዬ እመለሳለሁ። ምን እንዳጠፋሁ ባስብ ባስብ አላገኘሁትም። አባቴንም አልጠየቅሁትም፤ ቢሄቭ አላደረግሽም እንዳይለኝ ፈራሁ። ትንሽ ቆይቶ ግንበኞቹ ወደ አጥሩ ዞሩ። ክፍተቱን በድንጋይ ሲሞሉት በእኛ በኩል ቆሜ አየሁ፤ እሷም በእነሱ በኩል ቆማለች። በመጨረሻ ሻሿ ብቻ ቀረ፤ ቀጥሎ እሱም ተሸፈነ። በበር መምጣት ትችል ነበር፤ ግን ዘበኛ ያለበትን በር ማንኳኳት ለልጅ ቀላል አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ቁርአን ቤት ገባች። ሆዴን እንደገና ያመኝ ጀመር።

የአባቴ ውል አልቆ የምንሄድ ዕለት ሻንጣችን መኪና ላይ እየተጫነ ሳለ ሆዮ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጣች።

«ለመንገድ ነው» አለች። «ሳምቡሳ። ሥጋ የለም፤ ድንች ነው፣ በዘይት። ካምፕ ጎረቤታችን ክርስቲያን ነበረች፤ የእስላም ሥጋ አትበላም። አውቃለሁ።» ወደ እኔ ጠቆመች። «እሱም እምቢ ሲል ገባኝ። ልጄን፣ ምግብ ሲደርስ አንተ ብቻ ና፣ እሱን አታስጨንቅ አልኳት።»

አባቴ እጅ ነሳ። እንዲህ ያለ ጨዋ ጎረቤት አይቼ አላውቅም አላት፤ እውነቱን ነው። እኛ የምንበላው ሥጋ ከዚያው ሰፈር፣ ከእነሱው ሥጋ ሻጭ የተገዛ መሆኑን ግን አልነገራትም። እንዳያሳፍራት ነው።

«ርቦኝ ነበር» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። «ያን ቀን፣ ሆዮ። በጣም ርቦኝ ነበር።»

አባቴ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። እሷ ሳህኑን እንደያዘች ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ወላሂ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

መናገር እንደሚቻል ማን ነግሮኝ! ጓደኛዬ የት እንዳለች ጠየቅኋት። ቁርአን ቤት ናት፣ አሁን ትመጣለች አለች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ አባቴም ሰዓቱን አየ።

መኪናው በቁርአን ቤቱ አጥር ሥር አለፈ። የቆርቆሮ ዳስ ነበር፤ ልጆቹ በአንድነት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቁርአን ይቀራሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ የእሷን ድምፅ ከመሃላቸው ልለይ ሞከርኩ፤ ሁሉም የእሷ መሰለኝ። በስሟ ልጠራት አፌን ከፈትኩ። አባቴ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ ሲያየኝ መልሼ ዘጋሁት።