ያልተበጠሰው ክር

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤት ሸሚዜን ስተኩስ በመስኮት ወሬ ይዤ ካውያውን ረሳሁትና፣ የተቃጠለ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ዞሬ ያየሁት ሸሚዙን ሳይሆን የአባዬን ቀኝ እጅ ነበር። አባዬ ሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጦ ይሸምናል፤ እጁም ቦታው ላይ ነው። ሸሚዙማ ተቃጠለ፣ በቃ።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። አባዬ የዶርዜ ሰው፣ ሸማኔ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ዶሮ ሳይሆን መወርወሪያው ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ሲንሸራተት የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ጣቶቹ ነበሩ። ከሰው ጋር እያወራ፣ ሬዲዮ እየሰማ፣ ድሩ ላይ አንዲት ክር ብቅ ካለች እጁ ዓይኑን እንኳ ሳይጠብቅ ሄዶ ቀንጥሷት ይመለስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ፊቱ የቆመ ሰው ነጠላ ላይ የተንጠለጠለ ክር ሲያይ ቀስ ብሎ ይቀነጥስና፣ እማዬ በክርኗ ትጎሽመው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ በጋ ላይ፣ ከየት እንዳመጣት ሳንሰማ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ ፒክአፕ ግቢያችን ገባች። ቡሉኮና ጋቢ ወደ ገበያ ሊያመላልስባት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መስከረም ላይ እኛን ጭኖ ለመስቀል ወደ ዶርዜ በገዛ መኪናው ሊወጣ ነበር ሐሳቡ። ማንጎው ሥር አቁሟት ማታ ማታ ይወለውላት ነበር። እኔንም ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ከወገቤ በታች ትራስ አድርጎልኝ፣ ቁልፉን ወደ ቀኝ ማዞር አስተማረኝ። ሞተሩ ሲንደቀደቅ እኔ በደስታ እጮሃለሁ፣ እሱ በላዬ እጁን ሰዶ ያጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፤ ሁልጊዜ እንደዚህ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ባለሱቅ የሆነው ጋሽ ከድር በሩ ላይ ቆሞ «ሾፌሯ! ሶዶ አድርሺኛ!» እያለ ያጨበጭብልኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መኪናዋ ተበላሸች። ሞተሩ ሲነሳ ማራገቢያውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት፣ አርጅቶ ኖሮ ለሁለት ተበጠሰ። መስቀል ሊደርስ ነው፤ ጋሽ ከድር ደግሞ ዕቃ ለማምጣት ሶዶ የሚሄደው ሐሙስ ነው።

«ሐሙስ አመጣልሃለሁ አልኩህ እኮ ወልዴ! ሦስት ቀን ብትታገስ ዶርዜ ተነሥቶ አይሄድብህም!» አለው ጋሽ ከድር አባዬን።

«የምን መለመን ነው?» አለ አባዬ፣ የተበጠሰውን ጎማ በስንዝር እየለካ። «ቀበቶ አይደለም እንዴ? የእኔ ክር ተበጥሶ ታውቃለህ?»

«እንግዲያውስ ጥለት ጨምርበት፣ ሙሽራ ትምሰል!»

አባዬ እውነትም ጥለት ጨመረበት! ጥጡን ደጋግሞ ገምዶ፣ በሰም አሽቶ፣ በጠራራው ፀሐይ እግሩን ከሸማ ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ሙሉ ቀን የሠራው ያ ቀበቶ ዳር ዳሩ ቀይና ቢጫ ነበር። ሁለቱን ጫፎች በወፍራም መርፌ ሰፍቶ ሲያበቃ በሁለት እጁ ወጥሮ አሳየን። እማዬ አልሳቀችም። «ይሄ ሰውዬ ጉድ ሊያፈላ ነው» ብላ ጥጧን መፍተል ቀጠለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮፈኖውን ከፍቶ በእንጨት ደገፈው፣ ቀበቶውን በካቻቢቴ እየገፋ አስገባው፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ትራሴ ላይ ተቀመጥኩ። የተከፈተው ኮፈኖ መስታወቱን ስለጋረደው አባዬ አይታየኝም፤ ከሥሩ ባለችው ጠባብ ክፍተት ሁለት እጆቹን ብቻ ነበር የማየው።

«ማርታ፣ አስነሺ!»

አስነሣሁ። ያ ጥለት ያለው ቀበቶ ዞረ! ቀዩና ቢጫው ተቀላቅሎ ብርቱካን መሰለ። አባዬ «እየዞረ ነው! ከድር፣ ና እይ!» ብሎ ጮኸ፤ ጋሽ ከድር እየሳቀ መንገዱን ተሻገረ፤ እማዬ እንኳ እንዝርቷን ይዛ ብቅ ብላ፣ ሳትወድ በግዷ አንዲት አጭር እልልታ አሰማች። እኔ መሪውን ይዤ ዶርዜ ደርሻለሁ።

ከዚያ ሽታው መጣ። ቀጭን፣ የተቃጠለ ጥጥ ሽታ። ከተሰፋው ቦታ አንዲት ነጭ ክር ወጥታ በአየር ላይ ስትውለበለብ በክፍተቷ አየኋት። የአባዬ እጅም አያት። እጁ ሄደ። አባዬ አልላከውም፤ እንደ ልማዱ፣ ክሯን ቀንጥሶ ሊመለስ ራሱ ሄደ።

ያ ጩኸት ከአባቴ አፍ የወጣ አልመሰለኝም ነበር። እጁ ከዓይኔ ጠፋ፤ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። እማዬ «አጥፋው! አጥፋው!» ትለኛለች፤ የገረሴ ልጅ ናት፣ አፍ የፈታችበት ቋንቋ አንተና አንቺን ስለማይለይ በደህናው ቀን አንቺ የምትለኝ ሴትዮ ስትደነግጥ አንተ ነው የምትለኝ። ቁልፉን ጨበጥኩ፤ ማስነሣት እንጂ ማጥፋት አላውቅም። ለካ ማንም አላስተማረኝም! የማውቀው ወደ ቀኝ ስለሆነ ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ሞተሩ ብረት በብረት ሲፋጭ የሚያወጣውን ጩኸት አወጣ። እንደገና ወደ ቀኝ። ጋሽ ከድር የመኪናውን በር ሊከፍት ሲታገል አያለሁ፣ በሩ ደግሞ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ምን ያህል እንደቆየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በመጨረሻ በሁለት እጄ ወደማላውቀው ወደ ግራ ስታገለው፣ ሁሉም ነገር ዝም አለ፣ ቁልፉም ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

አባዬ እጁን ከሰውነቱ አርቆ፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደተሸከመ ሰው ቆሟል። አላለቀሰም። ጋሽ ከድርን እያየ፣ ወሬ እንደሚነግር ሁሉ፣ «አልተበጠሰም» አለ። «ክሩ እኮ አልተበጠሰም ከድር። ቢበጠስ ይለቀኝ ነበር።»

እማዬ ሮጣ ገብታ ያገኘችውን፣ ለመስቀል የታዘዘውን አዲስ ጋቢ ይዛ ስትወጣ አባዬ ደሙ እየፈሰሰ «እሱን አይሆንም፣ የሰው ነው!» አለ።

«ዝም በል አንተ!» ጋሽ ከድር ጋቢውን ነጥቆ እጁን ጠቀለለለት፣ የሚያልፍ ባጃጅ አስቁሞ ሦስቱም ተጣበው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ነጩ ጋቢ መንገዱን እየጠረገ ሲሄድ አየሁ።

እኔን ማንም አላስታወሰኝም። ትራሴ ላይ ተቀምጬ ቁልፉን ጨብጬ ቆየሁ፤ ጎረቤታችን መጥታ በሩን ከውስጥ አስከፍታ ስታወርደኝ የቁልፉ ጥርስ መዳፌ ላይ ታትሞ ነበር። እማዬ አመሻሹ ላይ ተመልሳ «የተቆረጠው ከጫፉ ነው፣ ከአመልካች ጣቱ» ብቻ አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ምነው በተቆጣችኝ እል ነበር።

መስቀልን በሰው መኪና ዶርዜ ወጥተን አሳለፍን። አባዬ እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ ለጠየቀው ሁሉ «መኪናዋ ነከሰችኝ» እያለ ያስቅ ነበር፤ ቤት ስንመለስ ግን አይስቅም። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ሸማ ዕቃው ዝም እንዳለ ነው። ጠዋት በራሴ ጊዜ እነቃና፣ ድምፁን ጠብቄ ሳጣው፣ ሁለተኛ ካልሸመነ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሞተሩን ቶሎ ባጠፋው ኖሮ እያልኩ ብርድ ልብሴን ፊቴ ላይ እስብ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት መወርወሪያው መሬት ሲወድቅ ሰማሁ። ዝም። እንደገና ወደቀ። ብድግ ብዬ ወደ እሱ ልሮጥ ስል እማዬ እንዝርቷን አየር ላይ አቁማ «ዝም በል!» አለችኝ። ሁለታችንም ከመጋረጃው ወዲህ ቆመን ስድስት ጊዜ ሲወድቅ፣ ስድስት ጊዜ ሲነሣ ሰማን። በሰባተኛው አልወደቀም፤ ሄደ፣ ተመለሰም።

መኪናዋ አሁንም አለችን። ጋሽ ከድር ሐሙስ ዕለት በቃሉ መሠረት ያመጣውን ቺንጋ መካኒክ ገጥሞላት፣ ስንት መስቀል ዶርዜ ወጣንባት። ዘንድሮ አባዬ መንዳት ሊያስተምረኝ ማንጎው ሥር፣ ትራስ ሳያስፈልገኝ፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬም ፍሬኑ ላይ ይደርሳል። ደስ ብሎኝ እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ፣

«መጀመሪያ አጥፊያት» አለኝ።

«እንዴ አባዬ፣ አልተነሣችም እኮ!»

«ቢሆንም። አጥፊያት።»

ጎዶሎ ጣት ያለበትን እጁን እጄ ላይ አድርጎ ቁልፉን አብሮኝ ወደ ግራ አዞረው፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ያኔ ሞተር ሲነሣ እጮህ የነበርኩት ልጅ፣ ዛሬ ሞተር ሲጠፋ ነው የሚቀለኝ። የሸማ ዕቃው ድምፅም እንደ ድሮው አይደለም፤ በየምልልሱ ያቺ ጎዶሎ ጣት ጋ ሲደርስ ለአፍታ ያህል ቆም ይላል። ጠዋት የምነቃው ግን አሁንም በእሱ ነው።