መስኮቱ ባዶ ይሁን

ትራም እወዳለሁ እያለ ተሳፋሪ የሚያስጠላው ሰው አይገባኝም። ይህን በትራም ወዳጆች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከአንድም ሁለቴ ተናግሬ፣ ሁለቴም ሻይ ቅዳ ተብያለሁ።

ኩሱኖሴ ሚሳዮ ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው እዚሁ ጃፓን፣ ኮቺ ከተማ ውስጥ የትራም ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ሥራው የቁም ሥራ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ቆራጭ መቀመጥ ክልክል ነበር። የቆራጭ ሥራ ሲቀር ወደ ዓሣ ገበያ ገቡ፤ እዚያም ቆመው ዓሣ ሲከትፉ ሰባ ዓመታቸውን አለፉ። ያ ይሠሩበት የነበረው አሮጌ ትራም ዛሬ ከመጋዘን የሚወጣው እንደኛ ያለ ማኅበር በኮንትራት ሲይዘው ብቻ ነው። ስለዚህ የክብር እንግዳ ሆነው ሲጋበዙ እኔን ጠርተው የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፦ ከኋላው በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ኢኖ፣ ተቀምጠው መሄድ ይፈልጋሉ።

«ስንቱን ሰው አስቀምጬበታለሁ። እኔም ልየው እስቲ» አሉ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ኩሞን ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ነው የሚያናድደኝ። የቆራጭ ቆብና የቆዳ ቦርሳ ከአንድ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ተውሶ መጣና አለበሳቸው፤ ከዚያም በሩ ላይ ቁሙልን አላቸው። ቆሙ። ካሜራው ሁሉ ተንጫጫ።

የኛ ጉዞ እንዲህ ነው፦ ትራሙ ትንሽ ሄዶ ይቆማል፣ ሁሉም ተንጋግቶ ይወርዳል፣ መስኮቱ ላይ አንድ ነፍስ እንዳይታይ ተደርጎ ፎቶ ይነሣል። ከፊት ያለው የመድረሻ ሰሌዳ ይቀየርና እንደገና። በብስክሌት የሚያልፍ ሰው ይገሠጻል። ሚሳዮ ከፍ ያለውን ደረጃ ብረቱን ይዘው ይወጣሉ፤ ገና ወንበሩን ሲነኩት ፊሽካ ይነፋል፤ ይወርዳሉ። በመሃል ከበው ያዋክቧቸዋል። ፍሬኑ የተቀየረው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

«እኔ ምን አውቄ። የት መታጠፊያ ላይ ማን እንዳስመለሰው ጠይቁኝ» አሉ።

የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ምሳችንን፣ ያንን ዩዙ በሚባል የሎሚ ዓይነት የተቀመመ ሩዝ፣ ሐዲዱ ዳር ቆመን በላን፤ ትራሙ በሩ ተከፍቶ ብቻውን ፎቶ ይነሣ ነበርና። ኩሞንን ይዤ ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጡም አልኩት። ስንመለስ ይቀመጣሉ፣ እስከ ኢኖ ያለው ብርሃን ግን ካመለጠን አይገኝም አለኝ።

ከኢኖ በፊት የመጨረሻው ማቆሚያችን ዳገቱ ሥር ነበር። የብርድ ወራት ፀሐይ ተራራው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁሉም የካሜራ እግሩን ተሸክሞ ሮጠ። ሚሳዮ አልወረዱም። ኩሞን ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«ሚሳዮ ሳን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይታያሉ እኮ።»

«አዎ፣ አለሁ።»

«ለአንድ አፍታ ብቻ ይውረዱልን። ብርሃኑ እየሄደብን ነው።»

«እኔም እየሄድኩ ነው። እኔን ከምትለምን ብርሃኑን ለምነው።»

ከኋላ አንዱ ጎንበስ ይበሉ ብሎ ጮኸ። የኛ ሰዎች አመል ነው፤ ለፎቶ ሲሉ ሰውን እንደ ውሻ ያባርራሉ። እኔም መልሼ ጮህኩበት። ኩሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ትራሙ በዘመኑ እንደነበረው ሆኖ እንዲታይ ብለን እኮ ነው አላቸው።

«በዘመኑማ ሰው በር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ባዶውን ከየት አመጣኸው?»

ቆባቸውን አውልቀው በመስኮቱ ሰጡት። ነጭ ፀጉራቸው ተበትኖ ታየ። ኩሞን ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። አንድም ካሜራ አልተነሣም፤ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ፤ የተራራው ጥላ ግን እየጠበቀ አልነበረም፤ ሐዲዱን ተሻግሮ መንኮራኩሩን ያዘ። ሐዲዱ አንድ ነው፤ ከኢኖ የሚመጣው ትራም መተላለፊያው ላይ እኛን እየጠበቀ ነበር። ሹፌራችን የእግር ደወሉን ረገጠ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ አዋቂ፣ የተዘረጋ የካሜራ እግሩን እንደታቀፈ፣ እየተገፋፋ ገባ። ወንበሩን ዕቃው ሞላው፤ ሰው ቆመ። መቼም እውነተኛ ትራም የመሰለው ያኔ ነው።

ኩሞን ሚሳዮ ፊት ለፊት ከጣሪያው የተንጠለጠለውን እጀታ ይዞ ቆመ።

«መታጠፊያው ላይ ይወረውርሃል። እግርህን ከፈት አድርግ» አሉት።

ከፈተ። እኔ ግን የእሳቸውን እግር አየሁ። ወንበሩ ላይ ሆነው፣ መታጠፊያው ገና ሳይመጣ፣ ሁለቱም እግሮቻቸው ወለሉን ቆንጥጠው ተራርቀዋል፤ ግራ እጃቸው የቦርሳውን አፍ ይዟል። ያ ሁሉ ሰው ሲገባም ዓይናቸው ባዶ ቦታ ፍለጋ ከወንበር ወንበር ይዘል ነበር። ኢኖ እስክንደርስ ማንም አላስነሣቸውም። ጀርባቸው ግን አንዴም ወንበሩን አልተደገፈም።