አልሞት ያለችው ፕሮቶን

ቺዙኮ በጃፓን፣ በሂዳ ተራራ ሥር፣ በድሮ የዚንክ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ፣ ንጹሕ ውሃ የሞላው ግዙፍ ጋን ላይ አፍጥጣ ያረጀች የፊዚክስ ሊቅ ናት። የምትጠብቀው ሞት ነው፤ በአቶም እምብርት ውስጥ ያለች የአንዲት ደቃቅ ቅንጣት፣ የፕሮቶን ሞት። ሞቱን ያወጀው ደግሞ የገዛ ባሏ ሺገኖሪ ነው። የተፈጥሮ ኃይሎች ሁሉ መነሻቸው አንድ ነው ይላል በጽሑፉ። አንድ ከሆኑ ፕሮቶን ለዘላለም አትኖርም፤ አልፎ አልፎ አንዷ ፈርሳ ውሃው ውስጥ ብልጭ ማለት አለባት።

አንዷም ብልጭ አላለችም። ሚስት "የለም" ባለች ቁጥር ባል ሒሳቡን ነካ ነካ ያደርግና የፕሮቶንን ዕድሜ ያራዝማል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

"ሒሳብህ ዕድሜ የሚያስረዝም ከሆነ ለእናቴም ሥራላት እንጂ!" አለችው አንድ ቀን፣ ሚሶ የሚባለውን የአኩሪ አተር ሾርባ እያቀረበችለት።

"አንቺ ይልቅ ዓይንሽን ክፈቺ!" አላት። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "የአሁኑ የመጨረሻዬ ነው፣ ቺዙኮ። ከዚህ በላይ የማራዝምበት ቦታ የለኝም። ካልተገኘች አበቃሁ።"

ይኼን ሲል አልቀለደም። ሆዷ ባባ።

በእነዚህ የፊዚክስ ሰዎች ዘንድ አንድ ደንብ አለ። ዓይን ልብን እንዳይከተል፣ የትኛው ብልጭታ እንደሚቆጠር አስቀድሞ መስመር ይሰመራል፤ መረጃው የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ከተከፈተ ወዲያ መስመር መንካት ነውር ነው። ያሰመረችው ቺዙኮ ራሷ ነበረች።

መረጃው ተከፈተ። መስመሩ ውስጥ ምንም የለም። ውጭ ግን፣ ልክ መስመሩ ጥግ፣ አንዲት የብልጭታ ነጥብ ቁጭ ብላለች።

ባልደረባዋ ታካይ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዶክተር፣ መስመሩን ትንሽ ገፋ ብናደርገውስ? ለባለቤትዎ ሲባል።"

"ቀድመህ አትለኝም ነበር?"

"ቀድሜማ መቼ አየኋት!"

"ለዚሁ እኮ ነው ቀድመን ያሰመርነው። ባዶ ብለህ ጻፍ።"

ቤት ስትደርስ ሺገኖሪ በር ላይ ቆሟል። "እህሳ?"

"ባዶ ነው።"

"አጠገቡስ?"

መዋሸት አማራት። "አንዲት አለች። ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ብላ።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ያላስገባሻት!" ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ግን አልዘለቀም፤ ደጃፉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ቺዙኮ ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ትክክል መሆን ፈልጌ ነበር" አላት።

"እኔም ፈልጌልህ ነበር" አለችው። "መስመሩን ሳሰምረው እኮ፣ ለአንተ ብዬ ሰፋ አድርጌው ነበር።"