በጨው ላይ የተቀመጠ ትምባሆ

ትምባሆ የሚሻግተው በዝናብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያውም የትምባሆና የጨው ነጋዴ ልጅ ሆኜ፣ ሰቆጣ ገበያ አፍ ላይ ባለች ሱቅ ውስጥ አድጌ!

አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ አጭሶ አያውቅም። ስለ ትምባሆ ግን ጋያ ከሚያንቦጫቡጩት ሽማግሌዎች በላይ ያውቃል። ቅጠል ሲመጣለት መጀመሪያ የመሐል አጥንቱን ያጥፈዋል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ እንደ ጅማት ከተጣመመ ግን ባለቤቱን ይዘህ ተመለስ ይለዋል። ጠዋት ጠዋት አያሽግም፤ ቅጠሉ ያደረበትን እርጥበት እስኪተፋ እስከ ከሰዓት ይጠብቃል። በማዳበሪያ ከረጢት የመጣውን ወደ ጆንያ ይገለብጠዋል፣ ማዳበሪያ አያስተነፍስም እያለ። ጆንያው መሬት እንዳይነካ፣ ግድግዳም እንዳይደገፍ ከእንጨት ቆጥ ላይ ይወጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በየሳምንቱ ይፈታል፤ አባቴ እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ መሐሉን ይዳስሳል። መሐሉ ከሞቀ ነገር አለ ማለት ነው። እንዲህ ይዞት ዓመት የቆየ ትምባሆ አይቻለሁ፣ አንድም ነጭ ነገር ሳይነካው።

ከጨው አርቂው ብሎኝ ግን አያውቅም። የሚነገር ነገር አልመሰለውም መሰለኝ።

በዚያ ዓመት ዓይኑን ሞራ ጋረደውና ሐምሌ መግቢያ ላይ እህቴ ወዳለችበት ወልድያ ለሕክምና ሸኘሁት። አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ስለ ዓይኑ አንድም ቃል አልተነፈሰም። የሚያወራው ስለ ሁለት ጆንያ ትምባሆ ነበር።

«የፃግብጂው ሰውዬ አማና ነው። የእኛ እቃ ቢበላሽ ይበላሽ፣ የሳቸውን ግን አደራ» አለኝ።

የፃግብጂው ሰው ከቤታቸው ጓሮ ትምባሆ የሚያበቅሉ አዛውንት ገበሬ ናቸው። በየዓመቱ ቅጠላቸውን ከአባቴ ዘንድ ያስቀምጡና ክረምት ሲወጣ መጥተው ይሸጡታል፤ ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር። በዚያ ዓመት ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ሞቶባቸው፣ የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ እየጠመዱ፣ ተራ እየጠበቁ ነበር የሚያርሱት። ክረምት ሲወጣ ትምባሆ ይወደዳል፤ እርሻ ሲያልቅ በሬ ይረክሳል። ሰውዬው የሚጠብቁት ያችን ጊዜ ነበር። እነዚያ ሁለት ጆንያዎች በሬ ነበሩ።

እኔ ሥራ አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ ወርዶ ቆርቆሯችንን በሳውና ውሃ ቆጡ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ጠብታው ጆንያዎቹን ሳይነካ ደረስኩ። እያቃሰትኩ አወረድኳቸውና በሱቁ ውስጥ ደረቅ ወደምለው ጥግ ጎተትኳቸው፤ ከአፋር የመጣው ጨው ወደተከመረበት። ከጨው ከረጢቶቹ ላይ ጫንኳቸው። ጨው ሥጋ ያቆያል፣ ቆዳ ያቆያል፤ ጨው ሲሸጥበት በኖረ ቤት ያደገ ሰው ጨው ነገር ያበላሻል ብሎ እንዴት ያስባል? እንዲያውም አባቴ እስከ ዛሬ ይህን አለማሰቡ ገርሞኝ ነበር።

አባቴ በየሳምንቱ ይደውላል። «ትምባሆውን ትፈቺዋለሽ?» ይላል።

«አዎ። ደረቅ ቦታ ነው፣ አትስጋ።»

አልፈታሁትም። ገበያተኛው ይበዛል፣ እኔ አንድ ነኝ፤ ደግሞስ ጨው ላይ አይደል? ለዚህ ለዚህ ሰበብ አጥቼ አላውቅም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለአንዲት ደንበኛ ጨው ልሰፍር ወደ ጥጉ ሄድኩ። የጨው ከረጢቱ እጄን አረጠበው። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤ ከዚያ በላይ ቀዳዳ የለም። ጨው በደመና ወራት አየሩን እየጠጣ እንደሚያለቅስ ከልጅነቴ ጀምሮ አያለሁ፤ በየክረምቱ ወለሉን የምወለውለው እኔ ነኝ። አውቄው የኖርኩት ነገር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። የጆንያዎቹ ሥር ጠቁሯል። አንዱን ፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩት። ይሞቃል። ስስበው ጣቶቼ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይዞ ወጣ። ደንበኛዋን ጨው የለም ብዬ መለስኳት።

ሰውዬው እመጣለሁ ያሉት መስቀል ሲያልፍ ነው። ያ ሁሉ ቀን አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። ግን ፀሐይ የለም። ቅጠሉን በአልጋዬ፣ በአግዳሚው፣ በገመድ ላይ ዘረጋሁት። ከሰል አቀጣጥዬ በሩን ዘግቼ ስስል ዋልኩ። የጎረቤት ባለሱቋ ሽታው ጠርቷት መጣች።

«ኧረ አብሽሪ! በደረቅ ጨርቅ ጥረጊና ደህናውን ከላይ፣ የተበላሸውን ከሥር አድርጊው። ሽማግሌ ሰው ምኑን ያየዋል?»

ተቆጣኋት። የሰው አደራ ነው፣ አላህን አትፈሪም ወይ አልኳት። እሷ ከወጣች በኋላ ጨርቅ ፈለግኩ። ስጠርገው ይጠፋል፤ በማግስቱ ሳየው ተመልሷል፣ ደህና በነበረው ቅጠል ላይ ሳይቀር። ለካ በጨርቁ ከቅጠል ወደ ቅጠል ያደረስኩት እኔው ነበርኩ። ስልኩ በጠራ ቁጥር አባቴ እንዳይሆን እጸልይ ጀመር። ሲሆንም «ደህና ነው» እለዋለሁ።

ሰውዬው መስቀልን አልጠበቁም። በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ጋ ቆመው አየኋቸው፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ።

«በሬ አየሁ ልጄ። ግንባሩ ቦራ ነው፣ ልጅ በሬ። ባለበሬው እስከ ማታ ይጠብቀኛል።»

ጆንያዎቹን ጎተትኩላቸው። በባለሱቋ ምክር መሠረት ከላይ ያለው ደህናው ነበር። የጨው ክምሩን በሸራ ሸፍኜዋለሁ። ሰውዬው የላዩን አላዩትም፤ እጃቸው ልክ እንደ አባቴ እጅ በቀጥታ ወደ መሐሉ ገባ። አንድ ቅጠል አወጡ። አሸተቱት። ከዚያ የምላሳቸውን ጫፍ አስነኩትና በኽምጥኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«ጨው ጨው ይላል» አሉ ቀስ ብለው። «የት አስቀመጥሽው ልጄ?»

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር የሚያስፈልገኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ፈራሁ፤ አፈርኩም። እኔ ያን ያህል አዋቂ የነበርኩት ሰው እንዴት ብዬ!

«እዚያው ቆጡ ላይ ነው አባባ። በረዶ ጣሪያውን በሳውና ዝናብ ገባበት። የአላህ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል?»

ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ቀዳዳው አለ፤ በእውነት አለ። ከዚያ ወደ ሸራው አዩ። ከሸራው ሥር ወለሉ ረጥቧል። በመጨረሻ እኔን አዩኝ፣ ረዘም አድርገው።

«የአምላክ ዝናብ ከሆነማ ማንን እጠይቃለሁ?» አሉ።

መሬት ላይ ተቀምጠው ቅጠሉን አንድ በአንድ ይለዩ ጀመር። እስከ ከሰዓቱ የአሱር አዛን ድረስ ለዩ። ላግዛቸው ብል አያስፈልግም አሉኝ። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው መረቁኝ። ደህና የወጣው ግማሽ ጆንያ አይሞላም። እሱን ተሸክመው ሄዱ፤ በሬ ወደሚጠብቃቸው ሰው ግን አልሄዱም፣ በቁልቁለቱ ወደ አገራቸው መንገድ ሲታጠፉ ከበሩ ላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ።

አባቴ ጥቅምት ላይ ዓይኑ ድኖ መጣ። «ሰውዬው ትምባሆአቸውን ወሰዱ?» አለኝ። ወሰዱ አልኩት። ደስ አለው።

በዓመቱ አዛውንቱ ሁለት ጆንያ ቅጠል በአህያ ጭነው በሱቃችን በር አለፉ። ከመንገዱ ሆነው በአክብሮት ሰላም አሉንና ከእኛ ሦስተኛ ወደሆነው ሱቅ ገቡ። አባቴ በዳነው ዓይኑ አየ። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያደርግ ተከተላቸው። ተመልሶ ሲመጣ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ዘንድሮም በመቀናጆ ነው የሚያርሱት። ምን አስቀየምንዎት ብላቸው ምንም አሉኝ» አለ። «የአምናው ትምባሆ ምን ሆነ?»

ሁሉንም ነገርኩት። በረዶውን፣ ጨውን፣ ሻጋታውን፣ ጨርቁን። ጨው ላይ ጫንኩት ስለው ፈገግ ሊል ሁሉ ቃጣው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነገርኩሽም። እኔም በልጅነቴ የአባቴን በርበሬ እንዲሁ ጨው ላይ ጭኜ አበላሽቻለሁ» አለ። ትንፋሼ መለስ አለልኝ። ከዚያ ዓይኑን አነሳና አየኝ።

«ሻጋታውስ ይሁን። ሰውዬው ሲጠይቁሽ ምን አልሻቸው?»

«ዝናብ ነው አልኳቸው» አልኩት።